ከካያክ ላይ ፍላውንደር ለማጥመድ ነፋሱንና የውኃውን ፍሰት እንዴት ማስማማት ይቻላል?

ጠያቂ፦ የሐይቅ ዳር ልጅ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ወንድሞችና እኅቶች። ያደግሁት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ስለሆነ ቆሮሶና አምባዛ ማጥመድ ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም፤ በጨው ውኃ ማጥመድን ግን የተማርሁት ሜሪላንድ ከመጣሁ በኋላ ነው። እስካሁን ኦሽን ሲቲ ላይ ከመሬት ሆኜ ፍላውንደር ከሚባለው ጠፍጣፋ የባሕር ዓሣ ጥቂት አጥምጃለሁ፤ አብዛኞቹ ከሚፈቀደው ርዝመት በታች ስለነበሩ መልሼ ለቅቄአቸዋለሁ። ዘንድሮ ባለ 12 ጫማ፣ ከላዩ የሚቀመጡበት፣ በመቅዘፊያ የሚሄድ ካያክ የሚባል ጠባብ ጀልባ ገዝቻለሁ። ሐሳቤ ከአሰቲግ ደሴት በባሕረ ሰላጤው በኩል ተነሥቼ በሲነፐክሰንት ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ማጥመድ ነው፤ ወደ ውቅያኖሱ የመውጣት ፍላጎት የለኝም።

የተቸገርሁበት ነገር የሚከተለው ነው። ፍላውንደር የሚያዘው ጀልባው ቀስ ብሎ እየተንሳፈፈ ማባበያው የውኃውን ወለል እየነካ ሲሄድ እንደሆነ የጠየቅኋቸው ሁሉ ነግረውኛል። እኔ ስሞክረው ግን አንድ ጊዜ ነፋሱ ካያኩን አጣድፎ ስለሚነዳው ማባበያው ከወለሉ ይነሣል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ነፋሱና ውኃው ተቃራኒ ይሆኑና ካያኩ ባለበት ቆሞ ክሩ ከሥሩ ይገባል። ለዚህ ድሪፍት ሶክ የሚባለውን፣ ውኃ ውስጥ ተከፍቶ የሚጎተተውን የጨርቅ ከረጢት ልግዛ ወይስ መልሕቅ ይሻለኛል? ከውኃው ሙላትና ጉድለትስ የትኛውን ሰዓት ልምረጥ? ስለ ዘንጉና ስለ መንጠቆውም ምክራችሁን ብታክሉልኝ ደስ ይለኛል። መዋኘት እችላለሁ፤ ረጅም ርቀት ግን አልዋኝም።

መልስ፦ ነባር ቀዛፊ፣ አሌክሳንድርያ

ወንድሜ፣ የጠየቅኸው ዋናውን ነገር ነው። ከካያክ ላይ ፍላውንደር የሚያጠምድ ሰው ይዞ መመለሱንም ሆነ በደኅና መመለሱን የሚወስነው ካያኩ የሚንሳፈፍበት ፍጥነትና አቅጣጫ ነው፤ የዘንጉ ዋጋና የማባበያው ቀለም ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

በመጀመሪያ ዓሣው የት እንደሚተኛ እናስብ። ፍላውንደር አሸዋ ለብሶ፣ ቆዳውን ከወለሉ ቀለም ጋር አመሳስሎ፣ ፍሰቱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ዞሮ ያደፍጣል፤ ውኃው ጠርጎ የሚያመጣለትን ትንንሽ ዓሣና ሽሪምፕ ከወለሉ ተስፈንጥሮ ይይዛል። ስለዚህ የሚመርጠው ቦታ ጥልቀት የሌለው ሜዳ ወደ ጥልቁ መተላለፊያ የሚወርድበትን ተዳፋት፣ የረግረጉ ጅረት ወደ ባሕረ ሰላጤው የሚፈስበትን አፍ፣ እንዲሁም የድልድይ ምሰሶ ፍሰቱን የሚከፍልበትን ጥግ ነው። ሲነፐክሰንት በአብዛኛው ጥልቀት የሌለው ባሕረ ሰላጤ ስለሆነ፣ ከአራት ጫማ ወደ ስምንት ወይም ወደ አሥር ጫማ የሚወርድ ጠርዝ ካገኘህ የምትፈልገው እርሱን ነው። ካያኩ ጠርዙን ተከትሎ እንዲንሳፈፍ አድርግ፤ ጠርዙን አቋርጦ የሚያልፍ ከሆነ ማባበያህ ዓሣው ባለበት መስመር ላይ የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ድሪፍት ሶኩ ልምጣ። ይህ ዕቃ ካያኩን ከውኃው ጋር ያያይዘዋል እንጂ ከወለሉ ጋር አያያይዘውም፤ ገዝተውት ምንም አልጠቀመንም የሚሉ ሰዎች ይህን ልዩነት ሳያስተውሉ የቀሩ ናቸው። ነፋሱ ካያኩን ከውኃው ፍሰት አስቀድሞ የሚነዳው ከሆነ ከረጢቱ ውኃውን ይይዝና ያዘገየዋል፤ ጥቅሙም የሚታየው ያን ጊዜ ነው። ነፋሱና ፍሰቱ ተቃራኒ ሲሆኑና ካያኩ ባለበት ሲቆም ደግሞ ከረጢቱ ካያኩን ከፍሰቱ ጋር እንዲሄድ ስለሚጎትተው፣ ክሩ ከሥር መግባቱን ያስቀርልሃል። የሚያጣድፍህ ፍሰቱ ራሱ ከሆነ ግን ከረጢቱ ከፍሰቱ ጋር ይበልጥ ያስርሃል እንጂ አያዘገይህም። ለዚህ ያለው መፍትሔ ሰዓት መምረጥ፣ ማባበያውን ወደ ወለሉ የሚያወርደውን የእርሳስ ብረት ከበድ አድርጎ ማሰር ወይም አልፎ አልፎ መቅዘፊያውን ወደ ኋላ እየመቱ መሄድ ነው። ለአንተ ካያክ ትንሹ መጠን ይበቃል፤ ገመዱንም በአንድ እጅ በቅጽበት ሊፈታ በሚችል ማያያዣ አድርገው።

ፍጥነቱን በግምት አትተወው። ስልክህ ላይ ያለው ጂፒኤስ ያሳይሃል፤ በሰዓት ከግማሽ ማይል እስከ አንድ ማይል ተኩል ባለው ውስጥ ከተንሳፈፍህ ጥሩ ነው። ሌላው ምልክት ክሩ ነው። ካያኩ ወደ ጎን እየሄደ ከሆነ ማባበያውን ትቶት በሚሄደው ጎን በኩል ጣለው፤ ያን ጊዜ ክሩ ከአንተ ርቆ በሰያፍ ይከተልሃል እንጂ ከሥር አይገባም። ሰያፉ እየተጋደመ ከመጣ እርሳሱ ወለሉን ለቋል ማለት ስለሆነ ክር ጨምር ወይም እርሳሱን አክብድ። እርሳሱ አሸዋ ሲነካ በዘንጉ ጫፍ ላይ ቀለል ያለ ንክኪ ይሰማሃል፤ ጭቃ ላይ ሲያርፍ ደግሞ እንደ መጣበቅ ይላል፤ ዛጎል ያለበት ቦታ ላይ ይንኳኳል። አሸዋው ወደ ዛጎል ወይም ወደ ጭቃ የሚለወጥበትን ቦታ ስልክህ ላይ ምልክት አድርግበት። ዓሣ የነካህንም ቦታ እንዲሁ አድርግ፤ ከዚያ በላዩ ላይ ሳትቀዝፍ በጎን ዞረህ ወደ ላይ ውጣና በዚያው መስመር ደግመህ ተንሳፈፍ። ፍላውንደር አንድ ከተገኘ አጠገቡ ሌላ መኖሩ የተለመደ ነው።

ስለ ሰዓቱ፦ ውኃው ሞልቶ ወይም ጎድሎ ፈጽሞ በቆመበት ጊዜ ዓሣው ብዙም አይበላም፤ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ደግሞ ፍሰቱ ለካያክ ሊበረታ ይችላል። ስለዚህ ፍሰቱ መንቀሳቀስ በሚጀምርበት የመጀመሪያው ሰዓት ተኩልና ሊቆም ሲቃረብ ባለው የመጨረሻው ሰዓት ላይ አተኩር። በጸደይ፣ ውኃው ገና ቀዝቃዛ ሳለ፣ ከሰዓት በኋላ የሚጎድለው ውኃ ፀሐይ ያሞቀችውን የሜዳ ውኃ ወደ ጠርዙ ስለሚያወርደው ዓሣውን ያነቃዋል። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት ግን ከውቅያኖሱ ቀዝቀዝ ብሎና ጠርቶ የሚገባውን የሙላት ውኃ እመርጣለሁ። አንድ ነገር ልብ በል፤ የሙላትና የጉድለት ሰዓት ሰንጠረዡ ባሕረ ሰላጤው ከውቅያኖሱ ጋር ለሚገናኝበት ለኦሽን ሲቲ መግቢያ የሚሰጠው ሰዓት ለመግቢያው ብቻ ነው። ወደ ደቡብ ወደ አሰቲግ በራቅህ መጠን ሙላቱም ጉድለቱም ዘግይቶ ይደርሳል፤ ስለዚህ የቦታውን የራሱን ሰዓት ተመልከት።

ዘንግህ ሰባት ጫማ አካባቢ፣ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ይሁን፤ ባለ 10 ወይም ባለ 15 ፓውንድ የተጠለፈ ክር፣ ከጫፉ ሁለትና ሦስት ጫማ ያህል ባለ 20 ፓውንድ የፍሎሮካርቦን ክር፣ ከግማሽ እስከ አንድ አውንስ የሚመዝን ነጭ ባክቴይል ጂግ (ራሱ ከባድ ብረት የሆነ ባለ ፀጉር መንጠቆ)፣ በላዩም አራት ኢንች የሆነ ነጭ ወይም አረንጓዴማ ቢጫ ጉልፕ የሚባለው ለስላሳ ሰው ሠራሽ ማባበያ። ከዚህ በላይ መግዛት አያስፈልግህም።

መልስ፦ የጠረፍ እኅት፣ ሳልስበሪ

ወንድሜ፣ ከላይ የተሰጠዎት ምክር ጥሩ ነው፤ እኔ የምጨምረው ከውኃው ላይ በሰላም ስለ መመለስ ነው፤ ረጅም ርቀት አልዋኝም ማለትዎ አሳስቦኛልና።

ካያክ በሕግ እንደ ማንኛውም ጀልባ ስለሚቆጠር የሕይወት አድን ጃኬት በላዩ ላይ መኖሩ ግዴታ ነው፤ ነገር ግን ከመቀመጫው ኋላ የታሰረ ጃኬት ውኃ ውስጥ ለወደቀ ሰው አይደርስለትም። ከዳርቻው ከመነሣትዎ በፊት ይልበሱት፤ እስኪመለሱም አያውልቁት። ፊሽካ በጃኬቱ ላይ ይታሰር። ስልክዎን ውኃ በማያስገባ ቦርሳ አድርገው ከሰውነትዎ ጋር ይያዙት፤ ቢቻል ደግሞ ውኃ የማይበግረው የቪኤችኤፍ ሬዲዮ (የጀልባዎች መገናኛ) ይኑርዎት፤ የአደጋ ጥሪ የሚደረገው በቻናል 16 ነው።

በአፕሪልና በሜይ መጀመሪያ አየሩ ሞቃት ሆኖ ውኃው እጅግ ቀዝቃዛ መሆኑን ብዙ ሰው ይዘነጋል። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ድንገት የወደቀ ሰው ሳይፈልግ በኃይል አየር ይስባል፤ በዚያች ቅጽበት አፉ ከውኃ በታች ከሆነ ጎበዝ ዋናተኛም ቢሆን ሊሰጥም ይችላል። ከዚያም በደቂቃዎች ውስጥ ጣቶች መጨበጥ ያቅታቸዋል። ስለዚህ የሚለብሱት የአየሩን ሙቀት ሳይሆን የውኃውን ቅዝቃዜ አይተው ይሁን፤ ውኃው እስኪሞቅ ድረስ ከውኃው ቅዝቃዜ የሚከላከል ልብስ፣ ማለትም ዌትሱት ወይም ድራይሱት፣ ያስፈልግዎታል፤ ጂንስና ሹራብ ፈጽሞ አይሆኑም።

ካያክዎ ላይ ተመልሶ መውጣትን ሞቃት ቀን መርጠው፣ ከዳርቻ አጠገብ፣ ሰው ባለበት ይለማመዱ። ካያኩ ተገልብጦ ከሆነ ከሥሩ ያለውን የራቀውን ጠርዝ ይዘው ወደ ራስዎ በመሳብ ያቃኑት። ከዚያ ከመቀመጫው አጠገብ በሁለት እጅ ይያዙ፣ እግሮችዎ ከኋላ ወደ ውኃው ገጽ እስኪወጡ ድረስ በኃይል ይምቱ፣ ደረትዎን ጎትተው በካያኩ ላይ በሆድዎ ይተኙ፤ ዳሌዎን መቀመጫው ላይ አዙረው ካሳረፉ በኋላ እግሮችዎን በመጨረሻ ያስገቡ። መነሣት የሚያቅተው ሰው ብዙ ጊዜ ቀጥ ብሎ ቆሞ ለመውጣት የሚሞክር ነው። ዘንጎቹና መቅዘፊያው በማሰሪያ ከካያኩ ጋር ይታሰሩ፤ ገመዶቹ ግን እግር እንዳይጠልፉ አጭር ይሁኑ።

ከኦሽን ሲቲ መግቢያ ይራቁ። ያ መግቢያ በ1933 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በደረሰው አውሎ ነፋስ የተከፈተ ጠባብ በር ነው፤ የባሕረ ሰላጤው ውኃ ሲጎድል በዚያ በኩል ወደ ውቅያኖሱ በኃይል ስለሚወጣ በመቅዘፊያ ብቻ የሚሄድ ካያክ አይቋቋመውም። በጉድለት ሰዓት ወደ መግቢያው አቅጣጫ እየተንሳፈፉ አያጥምዱ። በበጋ ከሰዓት በኋላ ከባሕሩ የሚነሣው ነፋስ የተለመደ ስለሆነ በማለዳ ይውጡ፤ ጉዞዎንም በነፋሱ ላይ በመቅዘፍ ይጀምሩ፣ ሲደክምዎት ነፋሱ ወደ መኪናዎ ይመልስዎታል። በቀይና በአረንጓዴ ምልክቶች መካከል ያለው መተላለፊያ የሞተር ጀልባዎች መንገድ ነው፤ በዚያ መሐል አይቁሙ፣ ከኋላዎም ረዘም ያለ ብርቱካናማ ባንዲራ ያቁሙ። የነጎድጓድ ድምፅ ከሰሙ ዓሣው እየበላም ቢሆን ወዲያውኑ ወደ መሬት ይውጡ። የት እንደሄዱና በስንት ሰዓት እንደሚመለሱ የሚያውቅ ሰው ቤት ውስጥ ይኑር።

መልስ፦ ረጋ ብሎ አጥማጅ፣ ኖርፎክ

ነባር ቀዛፊን አከብራለሁ፤ ሆኖም በአንድ ነገር አልስማማም። መንሳፈፍ ብቸኛው መንገድ እንደሆነ መታሰብ የለበትም። ውኃው እየጎደለ ሳለ የረግረግ ጅረት አፍ አጠገብ መልሕቅ ጥሎ ሕያው ትንሽ ዓሣን ወደ ፍሰቱ መወርወርና ቀስ እያሉ በወለሉ ላይ መሳብ በቨርጂኒያ የጠረፍ ደሴቶች ውስጥ ትልልቆቹን የምናገኝበት መንገድ ነው። ለጀማሪም ይቀላል፤ ነፋስና ፍሰት ማመዛዘን የለበትምና።

በዚህ መንገድ የሚያጠምድ ሰው ሁለት ነገር ይጠንቀቅ። የመልሕቁ ገመድ በምንም ምክንያት ከካያኩ መካከል አይታሰር፤ ፍሰቱ ጎኑን መትቶ ይገለብጠዋል። ገመዱን ወደ ፊቱ ወይም ወደ ኋላው ጫፍ የሚወስድ መዘውር ያስገጥሙ፤ ገመዱም ጫፉ ላይ ተንሳፋፊ ነገር ይኑረው፣ ችግር ሲመጣ ገመዱን ጥለው ሄደው በኋላ እንዲያነሡት። ሁለተኛው የመንጠቆው ጉዳይ ነው። ፍላውንደር ሕያው ማባበያን ብዙ ጊዜ ከጅራቱ ይዞ ይቆያል እንጂ ወዲያው አይውጥም። ስለዚህ ክብደት ሲሰማዎት የዘንጉን ጫፍ ወደ ዓሣው ዝቅ አድርገው ጥቂት ይታገሡ፤ ከዚያ ክሩ ሲወጠር ዘንጉን ሳይነጥቁ ከፍ ያድርጉት። ነጣቂ ሰው ግማሽ የተነከሰ ማባበያ ብቻ ይዞ ይቀራል።

መልስ፦ ነባር ቀዛፊ፣ አሌክሳንድርያ

ስለ ሕያው ማባበያ ያሉት ትክክል ነው፤ በጂግ ላይ ግን እንዲሁ ቢታገሡ ዓሣው ብረቱን ለይቶ ይተፋዋልና ወዲያውኑ መሳብ ያስፈልጋል። መልሕቁን በተመለከተ አሁንም ሐሳቤን አልለወጥሁም። ዓሣው በጠርዙ ርዝመት ሁሉ ተበትኖ በሚተኛበት እንደ ሲነፐክሰንት ባለ ቦታ፣ ተንሳፍፎ የሚያስስ ሰው ባለበት ከሚቆም ሰው የበለጠ ዓሣ ያገኛል። የጅረት አፍ አግኝቶ ሁለት ዓሣ በአንድ ቦታ የነካው ሰው መልሕቁን ይጣል፤ ከዚያ በፊት ግን አይጣል።

መልስ፦ የሂዩስተን ነዋሪ

በቴክሳስ ለምትኖሩ ብቻ አጭር ማስታወሻ ልጨምር። እኛ ጋልቨስተን ላይ የምናጠምደው የደቡቡን ፍላውንደር ሲሆን ጠባዩ ተመሳሳይ ነው። በመኸር፣ ቅዝቃዜ ሲገባ፣ እንቁላል ለመጣል በመተላለፊያዎቹ በኩል ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ስለሚወጣ በዚያ ወቅት በቀላሉ ይያዛል፤ በዚሁ ምክንያት ከ2021 ጀምሮ ቴክሳስ ከኖቬምበር 1 እስከ ዲሴምበር 14 ድረስ ፍላውንደር ማስቀረትን ከልክላለች። የኦክቶበሩን ብዛት አይታችሁ በኖቬምበር እንዳትሳሳቱ።

የጠያቂው ተጨማሪ ጥያቄ፦ የሐይቅ ዳር ልጅ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ጋሼ፣ እኅቴ፣ ወንድሞቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ድሪፍት ሶኩ ከውኃው ጋር እንጂ ከወለሉ ጋር እንደማያስር ከተረዳሁ በኋላ የገጠመኝ ሁሉ ግልጽ ሆኖልኛል። ካያኩ ላይ ተመልሶ መውጣቱንም ውኃው ሲሞቅ ከጓደኛዬ ጋር እለማመደዋለሁ፤ እስከዚያ ብቻዬን አልወጣም።

ሁለት ነገር ቀረኝ። እናቴ ከሐዋሳ መጥታ አብራኝ ናት። በቤታችን አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው አይበላም ነበር፤ የፍላውንደርን ፎቶ አሳይቻት ቆዳው ለስላሳ መሰላት፣ ሁለቱም ዓይኖቹ በአንድ ወገን መሆናቸውም አስገርሟታል። ይህ ዓሣ ቅርፊት አለው? ሁለተኛው፣ ርዝመቱን በትክክል እንዴት እለካለሁ፣ ዓሣውንስ እንዴት ላዘጋጅላት?

መልስ፦ የጠረፍ እኅት፣ ሳልስበሪ

እናትዎን እንኳን ደኅና መጡ በሉልኝ። ፍላውንደር ክንፍም ቅርፊትም ያለው ዓሣ ነው። ቅርፊቱ ደቃቅና ከቆዳው ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ሲዳስሱት ለስላሳ ይመስላል፤ የቢላውን ጀርባ ከጅራቱ ወደ ራሱ ቢያስኬዱት ቅርፊቱ እየተነሣ ሲረግፍ በዓይናቸው ያዩታል። በየትኛው ጾም ዓሣ ይበላል የሚለውን ግን የንስሐ አባታቸውን ይጠይቁ። ዓይኖቹንም በተመለከተ፣ ዓሣው ሲፈለፈል እንደማንኛውም ዓሣ በግራና በቀኝ አንዳንድ ዓይን አለው፤ እያደገ ሲሄድ የቀኙ ዓይን በራሱ ላይ ተሻግሮ ወደ ግራው ወገን ይመጣል፤ ያን ጊዜ ዓሣው በቀኝ ጎኑ መተኛት ይጀምራል። ነጩ ወገን ወለሉ ላይ የሚተኛበት ነው።

ርዝመቱ የሚለካው አፉ ተዘግቶ፣ ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ጅራቱ ጫፍ ነው። በ2024 ሜሪላንድ ከጃንዋሪ 1 እስከ ሜይ 31 ትንሹ ርዝመት 16 ኢንች፣ ከጁን 1 እስከ ዲሴምበር 31 ደግሞ 17 ኢንች ተኩል እንዲሆን፣ ለአንድ ሰውም በቀን 4 ዓሣ ብቻ እንዲፈቀድ ደንግጋ ነበር። ቁጥሩ ሊለወጥ ስለሚችል ከመውጣትዎ በፊት በየዓመቱ ከስቴቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ያረጋግጡ፤ ለባሕረ ሰላጤውና ለጠረፉ የሚያስፈልገውን የማጥመጃ ፈቃድም ከዚያው ያገኛሉ። አጭሩን ዓሣ በእርጥብ እጅ ይያዙ፣ ጉሮሮውን አይጫኑት፣ ከተቻለም ውኃው ውስጥ እንዳለ መንጠቆውን አውጥተው ይልቀቁት። የሚያስቀሩትን ደግሞ ራሱን ከውኃ አያንሡ፤ አየር ሲነካው ይወራጫልና መረቡን አስቀድመው ውኃ ውስጥ ያኑሩና በራሱ በኩል እየሳቡ ያስገቡት። ጥርሱ ስለታም ስለሆነ ጣትዎን አፉ ውስጥ አይክተቱ። ርዝመቱ መታየት እንዲችል ካያኩ ላይ ሳይቆርጡት ሙሉውን በበረዶ አድርገው ወደ መሬት ያምጡት።

ሲያዘጋጁት ከአንድ ዓሣ አራት ፊሌቶ ያወጣሉ። ጥቁሩን ወገን ወደ ላይ አድርገው ያስተኙት፤ ከጉሮሮው ኋላ እስከ ጅራቱ በመካከል ባለው መስመር ላይ ቢላው የጀርባ አጥንቱን እስኪነካ ይቁረጡ። ከዚያ ቢላውን አጋድመው፣ በጎድኖቹ ላይ እያንሸራተቱ፣ ከመካከል ወደ ክንፉ እየሄዱ አንዱን ወገን፣ ቀጥሎም ሌላውን ያንሡ፤ ገልብጠው በነጩ ወገን ይድገሙት። ከጥቁሩ ወገን የሚወጣው ወፈር ስለሚል ለጥብስና ለጉላሽ ይሆናል። ከነጩ ወገን የሚወጣው ሳሳ ያለ ስለሆነ እኔ በደቃቁ ከትፌ፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ሚጥሚጣ ጨምሬ፣ በዘይት ለብ አድርጌ የዓሣ ዱለት እሠራበታለሁ፤ ሥጋው ስስ ስለሆነ ነጭ እንደሆነ ወዲያው ከእሳቱ ይውረድ።